ሰዓት ሠሪው ሳህኑ ፊት

በሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ሠራተኞች ዘንድ «ጠንቋይዋ» ተብላ የምትታወቅ ሴት ነበረች። ስሙን በክፋት አላወጡላትም፤ እሷም ብትሆን ሲጠሯት አፍራ አታውቅም። እንዲያውም ደስ ይላታል።

ሥራዋ በሽተኛን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የእይታውን ስፋት መለካት ነው። በሽተኛው አገጩን ማሳረፊያው ላይ ያስደግፋል፣ አንድ ዓይኑ ይሸፈናል፣ በሌላው ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ ውስጥ ያያል። መሣሪያው የራሱ ስም አለው፤ ስሙ ምላስ የሚያስር ስለሆነ ግን ከዘበኛው እስከ ክፍል ኃላፊው ሁሉም «ሳህኑ» ይለዋል። በሽተኛው ሳህኑ መሃል ያለችውን ቢጫ ነጥብ እያየ፣ ከግራ ከቀኝ፣ ከላይ ከታች ብልጭ የምትል ብርሃን ባየ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል። ከተጫነ አይቷል፣ ካልተጫነ አላየም። ሲወራ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ሳህኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ስንት ልጅ ያሳደገ ጎልማሳ ቢሆን እንኳ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚነሳው።

ጠንቋይ ያሰኛት ሳህኑ አልነበረም። አንጎላቸው ሥር ዕጢ በቅሎ የዓይን ነርቫቸውን የሚጫናቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁሉም በእሷ በኩል ያልፋሉ። እሷ ታዲያ ከበሩ እስከ ወንበሩ እንዴት እንደሚመጡ ታያለች። ግድግዳ የሚዳስስ አለ፤ ወንበሩን አልፎ ሄዶ የሚመለስ አለ፤ አንገቱን እንደ ዶሮ እያዟዟረ የሚመጣ አለ። ከዚያ ሻይ ሰዓት ላይ «የጠዋቱ ሰውዬ ይመለስለታል፣ ያቺ ልጅ ግን እንጃላት» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜም ያለችው ይሆናል። ቀዶ ሐኪሙ እንኳ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «እስቲ ጠንቋያችን ምን ትላለች?» ብሎ ሳይቀልድ አያልፍም። እየቀለደ ግን መልሷን ቆሞ ይሰማል። እንግዲህ ሰው ደጋግሞ ልክ ሲሆን መሳሳት የሌላ ሰው ሥራ ይመስለዋል፤ እሷም ከዚህ አላመለጠችም።

ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ሰዓት ሠሪ። እናታቸው የሞተች ጊዜ ገና አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ አጥባ አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ አግብቶ፣ ሱቅ ከፍቶም ለእሷ ያው «ልጁ» ነው። እሱም ከ«እትዬ» ሌላ ጠርቷት አያውቅም።

የሰዓት ሠሪ ዓለም የሳንቲም ስፋት ያላት ነች። ቀኑን ሙሉ ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን ይዞ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ብሎን ሲያሳድድ ይውላል። ስለዚህ የሁለቱም ዓይኖቹ ዳር ዳሩ ሲጨልም የመጨረሻው ሰሚ እሱ ሆነ። መሃሉ ደህና ነበር፣ እሱም የሚኖረው መሃሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ያማረሩት ሌሎች ናቸው። በጎን በኩል ቆመው ሰላም የሚሉት ደንበኞች ዝም ሲላቸው «ሰውዬው ኮራ» ብለው አሙት። ሚስቱ በቀኙ ያስቀመጠችለትን ብርጭቆ በክርኑ ሲደፋ «አንተ፣ ዓይንህ የት ነው?» እያለች ትጮህበት ነበር። አንድ ቀን የራሱ ሱቅ በር ጉበን ቅንድቡን ተርትሮት ደም በደም ሆኖ እህቱ ቤት ሲመጣ ነገሩ ገባት። በነጋታው እጁን ይዛ ወሰደችው።

የጭንቅላት ፎቶ ተነሳ። ሁለቱ የዓይን ነርቮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ሐኪሙ እህትና ወንድምን አስቀምጦ ሳይደባብቅ ነገራቸው።

«ዕጢው ክፉ ዓይነት አይደለም፤ በአፍንጫ በኩል ገብተን እናወጣዋለን። እሱ አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው ከወጣ በኋላ ዓይኑ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው።»

«በምን ይታወቃል?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ነርቩ በጫናው ደንዝዞ ብቻ ከሆነ፣ ጫናው ሲነሳለት ይነቃል፤ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ነው የሚያየው። ሳስቶ ከሆነ ግን የሞተውን የሚያስነሳ እጅ የለኝም። ውፍረቱን የሚለካ ካሜራ ነበረን፤ ተበላሽቶ ዕቃ እየጠበቅን ነው። ለጊዜው ያለን ሳህኑ ነው።» ወደ እህቱ ዞረ። «ወረፋው ረጅም እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ዓይናቸው እየወረደ ያሉትን ነው የማስቀድመው። ባለበት የቆመ ትንሽ ቢቆይ አይጎዳም። ለክተሽ አምጪልኝ።»

እሷም ወንድሟን ለካች። ሌላ ባልደረባ እንዲለካው መጠየቅ ትችል ነበር፤ ሐሳቡም አልመጣላትም። ከእሷ ሌላ ማን ነክቶት!

በሩን ሲያንኳኳ «ና ግባ፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ብላ ወንበሩን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው። ልጁ ምንም ሳይዳስስ፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ ተቀመጠ። ልቧ በደስታ ዘለለ።

«ይመለስልሃል» አለችው እዚያው። «እኔ አልኩህ።»

የመጀመሪያው ልኬት ግን ክፉ ሆነ። በሁለቱም ዓይኖቹ ውጪያዊው ግማሽ ጥቁር ነበር። «አልሆነም፣ እንደገና» አለች። ከሙያዋ ውጪ አልሄደችም፤ ሳህኑ ፊት መጀመሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሌም ይደናበራል፣ የመጀመሪያው ልኬት እንደ ልምምድ ተቆጥሮ ይጣላል። ለሁሉም የሚደረግ ነው። እንደገና አስቀመጠችው፤ «ዘና በል፣ አትፍራ» አለችው። አሁን ልጁ ጣቱ ቀለለ። ቀኝም ግራም ይጫን ጀመር። «ጎበዝ! ጎበዝ!» አለች ከአጠገቡ ቆማ፣ እንትፍ እንትፍ ልትልበት እስኪቃጣት ድረስ።

አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ሳህኑ ተንኮለኛ ነው፤ አልፎ አልፎ የወትሮ ድምፁን ብቻ አሰምቶ ብርሃኑን ያስቀራል። እንዲህ የሚያደርገው የሚገምት ሰውን ለመያዝ ነው። ልጁ በነዚያ ባዶዎቹም ላይ ተጭኗል። አየች። «ቸኩሎ ነው» አለች በሆዷ፤ የሚቸኩል ሰው እኮ ሞልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ለሦስተኛ ጊዜ ታስቀምጠው ነበር። ከውጤቱ ግርጌ እንደ ወትሮው በእጇ ጻፈች፦ ተባባሪ፣ የሚታመን።

ቀዶ ሐኪሙ አየው። የእሷን ጽሑፍ ሲያይ ብዙም አልመረመረም። «ጥሩ ነው፣ ነርቩ ገና ይዟል» አለ። «እንግዲያ የሱ ይቆይ፤ ከፊቱ የባሰባቸው አሉ።»

ከዚያ በኋላ በወንድሟ ቤት ምን ዓይነት ደስታ እንደነበረ አይነገርም። ሚስቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እትዬ ካለች አለች ነው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰች። ሰዓት ሠሪው ግን ብዙም አይናገርም ነበር። እህቱ ፍርሃት ነው ብላ ገመተች። እየዋለ እያደረ ወረንጦው ብሎኗን ይስታት ጀመር፤ ቀጥሎ መሃሉም ጉም ለበሰ። አንድ ማለዳ የሰዓቱን ፊት አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ቀጭኗን የሰከንድ ቆጣሪ ቢፈልግ አጣት። በጥድፊያ ወሰዱት፤ ወረፋውን አስዘለሉት፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ዕጢው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ ጭንብሉን ሳያወልቅ «እንዲህ ያማረ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ» አለ።

ያማረው ሥራ ግን ዓይን አላመጣም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አለፉ፣ ሳምንቱ አለፈ። «ትንሽ ብርሃን ብርሃን ይለኛል» ይላል ልጁ ሲጠየቅ፤ ሲራመድ ግን የሚስቱን ትከሻ ይዞ ነው። ሚስቱ በየጠዋቱ ሱቁን ትከፍታለች፣ የተደረደሩትን ሰዓቶች ትወለውላለች፣ የሚመጣውን ደንበኛ «ዓይኑ እየተመለሰለት ነው፣ እህቱ ነግራናለች፣ ትንሽ ታገሱት» ትላለች። ሰውም ታገሠ። ይህን ስትሰማ ጠንቋይዋ እህል አልወርድ ይላት ጀመር፤ ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም። ይመለሳል ብሏል አፏ።

በዚህ መሃል ካሜራው ተጠግኖ መጣ። የልጁ ነርቭ ተለካ። ቀዶ ሐኪሙ እህቱን ኮሪደር ላይ ወደ ዳር ጠራት። ያን ቀን ጠንቋይ ብሎ አልቀለደም።

«ሳስቷል» አለ። «በጣም። ከዚህ በላይ ብዙ የሚመለስ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እንዲህ የሚሳሳ ነርቭ ሲሳሳ የከረመ ነው፤ የበፊቱ ልኬት እንዴት እንደዚያ ጥሩ ሆነ? ያኔ ባውቅ አንድ ቀንም አላስቆየውም ነበር። እስቲ ዛሬ ድገሚለት።»

«ካሜራው ገና አሁን ነው የተጠገነው፤ አላምነውም» አለችው።

«ሳህኑን እመኚ እንግዲያ» አለና ሄደ።

ሚስትየው ልጁን እስከ በሩ አመጣችው። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አለችና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷ እንደ ሠርገኛ ቤት ፈክቶ። እህቱ ወንድሟን ተቀብላ፣ እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ አገጩን አስደገፈችው፤ አንድ ዓይኑን ሸፈነችለት፤ ቁልፉን መዳፉ ውስጥ አኖረችለት። ሳህኑን አስነሳችው።

ልጁ ተጫነ። አሁንም ተጫነ። ከላይ፣ ከታች፣ ከዳር። አንድም ቦታ አልሳተም። ለአፍታ «አላልኩም! አላልኩም!» ልትል፣ ወጥታ ቀዶ ሐኪሙን ጎትታ ልታመጣው አማራት። ወዲያው ግን የጣቱን አካሄድ ልብ አለች። ሰው ብርሃን ሲያይ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ይጠራጠራል። የዚህ ልጅ ጣት አይጠራጠርም። ሳህኑ ብርሃኑን ከመልቀቁ በፊት ውስጡ ቀጭ የሚል ነገር አለ፤ እሷ ከመልመዷ የተነሳ መስማት ትታዋለች። ቀጭ ሲል፣ ጣቱ። ቀጭ ሲል፣ ጣቱ።

ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ ሳህኑ ጀርባ ዞረች። አምፖል ሲቃጠል የምትቀይረው ራሷ ነች፤ ክዳኑን ከፍታ አምፖሉን ፈታ አወጣችው። ጣቷን አቃጠላት፤ እሷ ግን ጨብጣ ያዘችው። ሳህኑ ሥራውን ቀጠለ፤ ድምፅ ብቻ፣ አንድም ብርሃን የለ። ተመልሳ ከወንድሟ አጠገብ ቆመች፣ እጁንም አየች።

ይጫናል። ድቅድቅ ጨለማ ፊት ተቀምጦ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ ይጫናል። ሳታስቆመው፣ ምርመራው እስኪያልቅ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ቆማ አየችው።

ሳህኑ ማብቃቱን የሚያስታውቀውን ጢጥ የሚል ድምፅ አሰማ።

«እንዴት ነኝ?» አለ፣ አገጩን ሳያነሳ።

አምፖሉን ከመዳፏ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ?»

«አምፖሉን ነቅዬዋለሁ» አለችው። «ከግማሹ ጀምሮ የበራ ነገር የለም።»

ልጁ ቁልፉን ከመዳፉ ወደ ጭኑ አወረደው። «ክዳኑን ስትከፍቺ ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ምን ትጫናለህ?»

«ምን ላድርግ? ብተወው በራሴ ጣት ‹አበቃልኝ› ብዬ መፈረም ሆነብኝ።»

«ያኔስ?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ከቀዶ ሕክምናው በፊትስ?»

«ያኔም ነው።» ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «መጀመሪያ ያየሁትን ብቻ ነበር የተጫንኩት። አንቺ ‹አልሆነም› ስትዪ ግን ድምፅሽ እማዬ የሞተች ጠዋት እንደነበረው ሆነ። አስፈራኝ። እኔ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ጆሮዬ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ሁለተኛው ላይ ቀጭ ባለ ቁጥር ተጫንኩ። ‹ጎበዝ› አልሽኝ። ይመለስልሃል ብለሽ ምለሽ፣ እኔ አንቺን ውሸታም ላድርግሽ?»

«እኔ በር ላይ አይቼህ እኮ ነው! ወንበሩን ቀጥ ብለህ…»

«ወንበሩን መታ መታ አላደረግሽልኝም?»

ለማንም አድርጋ የማታውቀውን ለእሱ አድርጋ ነበር። ራሷ መርታው፣ ራሷ አይታው፣ ራሷ ተንብያ።

«በዚያ ልኬት እኮ ነው ከሰው ኋላ ያቆዩህ» አለች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች። «በዚያ ልኬት! ብትናገር ኖሮ በሳምንቱ ይሠራልህ ነበር። ነርቩ ገና ነበር…»

«አውቃለሁ። ዶክተሩ ‹የሱ ይቆይ› ሲል ነገሩ ገባኝ፣ አፌ ላይም መጣ። አንቺ ግን እየሳቅሽ እጄን ጨበጥሽኝ። ዋጥኩት።» ቁልፉን ጭኑ ላይ እያንከባለለ «በዛ ላይ፣ እትዬ፣ አምኜሽ ነበር እኮ። እኔ ባላይም አንቺ አይተሻል አልኩ» አለ።

ብትጮህ ደስ ባላት። ብታቅፈውም ደስ ባላት። ሁለቱንም አላደረገችም፤ የሸፈነችበትን ጨርቅ ከዓይኑ ላይ ፈታች። ያም ሆነ ያ ለእሱ ለውጥ አልነበረውም፤ ሲፈታ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«ለሷ እንዳትነግሪያት» አለ ልጁ በሹክሹክታ፣ ወደ በሩ እየጠቆመ። ጠቋሚ ጣቱ ወደ ግድግዳው ነበር። «ትንሽ ተሻሽሏል በያት። በየጠዋቱ ሱቁን የምትከፍተው በዚያ ተስፋ ነው። እኔ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለችው። እሺ ያለችው ግን ከክፍሉ ለመውጣት ያህል ነው።

በሩን ስትከፍት ሚስትየው ብድግ አለች። «እህስ?» አለች። ጨዋታዋ እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ሽልማትሽን ላዘጋጅ?»

«አይመለስለትም» አለች እህቱ።

የሚስትየው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚሄድ ግራ እንደገባው ሁሉ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። «ማን አለ?»

«ዶክተሩም ብሏል። እኔም እያልኩሽ ነው።»

ከክፍሉ ውስጥ «እትዬ! ምን ነካሽ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚስትየው ባሏ ያለበትን ጨለማ አየችና እንደገና ወደ እህቱ ዞረች። አላለቀሰችም። ጎረቤቱን፣ ደንበኛውን፣ የወለወለቻቸውን ሰዓቶች ሁሉ የምታስብ ትመስል ነበር።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይመለሳል ስትዪኝ ነበር» አለች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን» ልትላት አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት የታያት፣ በባዶዎቹ ላይ የተጫነው የወንድሟ ጣት ነው፤ ያኔ፣ ገና ጊዜ ሳለ። አይታዋለች። አይታው ነው «የሚታመን» ብላ የጻፈችው። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ሚስትየው ጠበቀች። የሚመጣ መልስ እንደሌለ ሲገባት፣ ትከሻዋን ነክታት አልፋ ወደ ባሏ ገባች። በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።